ከወንዝ ማዶ የወጡ ስድስት እጣዎች

የስታቲስቲክስ መምህራችን መጀመሪያ የያዘችኝ በሳንቲም ነው። ፍኖተ ሰላም ለትምህርት በመጣሁ በመጀመሪያው ወር፣ የአንድ ብር ሳንቲም መቶ ጊዜ ወርውረን ጎፈር ወይም ዘውድ እያልን በተራ እንድንመዘግብ የቤት ሥራ ሰጠችን። አሥራ አምስተኛው ላይ ሰለቸኝ። የቀረውን ተቀምጬ ከራሴ ሞላሁት። አንዱ ወገን እንዳይበዛ፣ ከሦስት ጊዜ በላይም እንዳይደጋገም እየተጠነቀቅሁ ጻፍኩት። ሳነበው ለጆሮ ሁሉ ይጥም ነበር።

በማግስቱ ወረቀቶቹን እያገላበጠች ስትመጣ የእኔ ላይ ቆመች። ከእኛ በጥቂት ዓመት ብቻ የምትበልጥ የደምበጫ ልጅ ናት። ጠመኔ የነካ እጇን በጥቁር ሹራቧ ላይ ስለምትጠርግ ከሰዓት በኋላ ሁልጊዜ ወፍጮ ቤት የዋለች ትመስላለች።

«ይህን ሳንቲም አንተ ነህ የወረወርከው?»

«አዎ፣ ቲቸር።»

«ቤት ይመታል እኮ» አለች። ክፍሉ ሳቀ። ግጥም እንደምሞክር ሁሉም ያውቃል። «እውነተኛ ሳንቲም አንዳንዴ ሰባት ጊዜ በተከታታይ ጎፈር ይሆናል፤ አያፍርም። አንተ መድገም አፍረሃል።» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ግጥም ጻፍ። ዳታ ግን አትጻፍ፤ ዳታ ይለቀማል እንጂ አይጻፍም» አለችኝ።

አላስቀየመችኝም። እንዲያውም ያን ቀን ትምህርቱን ወደድኩት። እስከዚያ ድረስ ስታቲስቲክስን ከመመረቄ በፊት የማልፈው አንድ ግንብ አድርጌ ነበር የማየው። ሳንቲም የማያፍር ነገር መሆኑን የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ቀጥሎ ቀይና ነጭ ቦሎቄ የተቀላቀለበት ማሰሮ ይዛ መጣች። ዓይናችንን ጨፍነን አንድ እፍኝ እየዘገንን፣ በእፍኛችን ካለው ተነስተን በማሰሮው ውስጥ ያለውን እንድንገምት አደረገች። ቀዩ ቦሎቄ ትልልቅ ነበር፤ ነጩ ደቃቅ። «ከላይ ከላይ አትዝገኑ» እያለች በመደዳው ትዞር ነበር። «ሲነቀነቅ ደቃቁ ወደ ታች ይወርዳል። እጃችሁን እስከ ታች አስገቡ።» ይህችን አባባል ደብተሬ ጠርዝ ላይ ጻፍኳት። የጻፍኳት ግን ለፈተና ብዬ አልነበረም፤ አንድ ቀን ለግጥም ትሆነኛለች ብዬ ነው።

የሁለተኛው ወሰነ ትምህርት ፕሮጀክት ሲመጣ ሁለት ሁለት ሆነን፣ የምናውቀው አንድ ቀበሌ ሄደን፣ አርባ ቤት በእጣ መርጠን አንድ ነገር ጠይቀን እንድንመለስ ተባለ። የእኔ ጥንድ የቡሬ ከተማ ልጅ ነበረች፤ ምላሷ የተሳለ፣ ሥራዋ የተጣራ። ቀበሌው የእኔ እንዲሆን ተስማማን። ከቡሬ በባጃጅ ጥቂት ተሂዶ የቀረው በእግር ነው። ጥያቄውንም እኔው መረጥኩ፤ በበጋ ውሃ ቀድቶ ለመመለስ ስንት ጊዜ ይፈጃል? የመረጥኩትም በምክንያት ነው። ቀበሌያችንን ገደል ለሁለት ይከፍላታል። ወዲህ መንገዱ፣ ትምህርት ቤቱ፣ ወፍጮው አለ። ከወንዝ ማዶ ያለው ሰው ወንዙ ሲደርቅ የሚቀዳው ከአንድ ራቅ ያለ ምንጭ ነው። በዚያ ዓመት አንድ የእጅ ፓምፕ ጉድጓድ ለቀበሌው እንደተፈቀደና ቦታው ገና እንዳልተቆረጠ አባቴ ነግሮኝ ነበር። ማዶ ይሁን ወዲህ እየተባለ ይከራከሩ ነበር። የእኛ ወረቀት አንድ ነገር ትናገራለች ብዬ አስቤ ነበር። ይህን ያሰብኩት እኔው ነኝ፤ ለዚህ ነው የሚቆጨኝ።

እጣው የወጣው ቅዳሜ በቀበሌው ጽሕፈት ቤት ነው። የአባወራዎቹን ዝርዝር በቁጥር ቆራርጠን፣ ጠቅልለን፣ ቁና ውስጥ ጨመርነው። ጥንዴ እጇን ልትሰድ ስትል ጸሐፊው ያዛት።

«ኧረ አይሆንም፣ እህቴ። እጣ የሚያነሳው ያላየ ሰው ነው።»

«እኛስ መቼ አየን? ተጠቅልሏል እኮ።»

«ስትጠቀልይ አይተሻል።»

በአገራችን እጣ ቀልድ አይደለም። መሬት ተከፋፍሎበታል፣ የውርስ ከብት ተለያይቶበታል፤ እጣ ከወጣ በኋላ ክርክር የለም። ስለዚህ መታወቂያ ልታወጣ መጥታ ደጅ የተቀመጠች አንዲት ሴት ተጠርታ፣ ምን እንደሆነ ሳይነገራት አርባውን አንድ በአንድ አነሳችልን። መምህራችን ሁለት ክፍለ ጊዜ ሙሉ ያስረዳችንን ጸሐፊው በአንድ አፍታ ጨረሰው።

ስድስቱ ከወንዝ ማዶ ወጡ። ከእነሱ አንዱ የሆነው አሥራ ሰባተኛው ወረቀት ሲፈታ የሟቹ የአክስቴ ባል ስም ተነበበ።

«መሪጌታ እንኳ አርፈዋል» አለ ጸሐፊው። «ስማቸው ሳይፋቅ ቀርቶ ነው። እሜቴ ግን አሉ።»

«ሟቹን አንተ ጠይቃቸው» አለችኝ ጥንዴ። «ግጥምህን ሳያቋርጡ የሚያዳምጡህ እሳቸው ናቸው።»

ማዶውን እኔ ያዝኩ። እቴቴ የአባቴ ታላቅ እህት ናቸው፤ የመሪጌታ ሚስት ሆነው ስለኖሩ ከጸሎት መጽሐፉ አብዛኛውን በቃላቸው ይሉታል። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ቄሱ በአውደ ምሕረት ላይ፣ እጣቸው የወጣ ሰዎች ከሰኞ እስከ ረቡዕ ከቤት እንዳይጠፉና ተማሪዎች መጥተው ስለ ውሃ እንደሚጠይቋቸው ተናገሩ።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ወደ ገደሉ ወረድኩ። መጋቢት ነው፤ ፀሐዩ ከድንጋዩ ላይ ተመልሶ ፊት ይመታል። ግማሽ መንገድ ላይ አንድ ዋርካ አለ። እዚያ ልረፍ ብዬ ተቀመጥኩ። ከታች አንዲት ሴት ጀሪካን አዝላ ስትወጣ አየኋት። ገመዱ ደረቷን ለሁለት ከፍሎታል። ተረከዟ እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጥቋል። ከክዳኑ የሚንጠባጠበው ውሃ በጀርባዋ ላይ ቀጭን መንገድ ሠርቶ ነበር። ስታልፈኝ «እንደምን ዋልክ፣ ልጄ» አለች፤ ቆማ ግን አልጠበቀችኝም። እኔ ደብተሬን አውጥቼ ስለ እሷ መጻፍ ጀመርኩ።

አንዱ መስመር ሌላውን እየጠራ ቆየሁ። ስጨርስ ጥላው ዞሮ ነበር። ወደ ታች አየሁ፤ ገደሉ ቀጥ ያለ ነው። ከታች ደግሞ ያንኑ ያህል ዳገት አለ። ስድስቱ ቤቶች ተራርቀው ተበትነዋል። ወደ ቤት ተመልሼ ነገ በጠዋት እሄዳለሁ አልኩ። በማግስቱ በጠዋት ደግሞ ያን ግጥም ማስተካከል ያዝኩ። ረቡዕ ከሰዓት ወረቀቶቼን ይዤ በመንገዱ ዳር ዞርኩና በስድስቱ ፈንታ ስድስት ሌሎች ቤቶች ጠየቅሁ። በአሥራ ሰባተኛው ቁጥር ላይ ያስገባኋት ከወፍጮው አጠገብ የምትኖር ሴት ናት፤ ቦኖው ከደጇ ነው። አምስት ደቂቃ አለችኝ።

እንደ ሳንቲሙ አልፈጠርኩም እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። የጠየቅኋቸው እውነተኛ ሰዎች ናቸው፤ የመለሱልኝም እውነት ነው። ስድስት ቤት በስድስት ቤት ተተካ።

ወደ ቡሬ ስንመለስ ጥንዴ ጫማዬን አየች።

«ማዶ ተሻገርክ?»

«አዎ።»

«ጫማህ ግን የተሻገረ አይመስልም።»

«ጠርጌው ነው።»

«በጾም ጫማ የሚጠርግ ገጣሚ» አለችና መስኮት መስኮቱን አየች። ሁለተኛ አልጠየቀችኝም። ቢሆንም ያን ጊዜ ደግማ ብትጠይቀኝ ኖሮ እያልኩ ስንት ጊዜ ጥፋቱን በእሷ ላይ ልጥለው ሞክሬያለሁ።

ወረቀቱ አምሮ ወጣ። ጥንዴ በኮምፒውተር ጻፈችው፤ ዘንግ ዘንግ የሆነ ሥዕል አስገባችበት። አማካዩ ሃያ ሁለት ደቂቃ ሆነ። ከአማካዩ ብዙ የራቀ ቤት አልነበረም፤ ዘንጎቹ ተደጋግፈው እንደ ቆሙ ወንድማማቾች ነበሩ። መምህራችን አንብባ ስትጨርስ አንድ ነገር ጠየቀችኝ።

«ከወንዝ ማዶ ስንት ቤት አገኘህ?»

«ስድስት።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

ከክፍሉ ከፍተኛውን ነጥብ ሰጠችን። አንድ ቅጂ ለቀበሌው ላክን፤ ሰው ጠይቆ መልሱን ይዞ መጥፋት ነውር ነው ብላ ያዘዘችን እሷ ናት።

ከፋሲካ በኋላ አባቴ ደወለልኝ። ድምፁ ሞቅ ብሎ ነበር። «ወረቀታችሁ በስብሰባ ላይ ተነበበች። ከወረዳ የመጣው ባለሙያ ሳይቀር አጨበጨበ። ሊቀ መንበሩ፣ ማዶም ወዲህም ያው ነው ለካ፣ ሁሉም ከግማሽ ሰዓት በታች ነው፣ እንግዲህ መኪናው በሚገባበት ይቆፈር አሉ። ማዶዎቹም ዝም አሉ። ቁጥር ነው፤ ምን ይላሉ?»

«መቼ ነው የሚቆፈረው?» አልኩት።

«የሰኔ ዝናብ ሳይገባ ይላሉ።»

በዚያው ሳምንት መምህራችን ስለ አዲስ ነገር አስተማረች። እጣ የወጣበት ሰው ሳይገኝ ሲቀር በሌላ መተካት ለምን እንደሚያሳስት ነበር። ሰሌዳው ላይ ሁለት ክብ ሣለች። «ያልተገኘው ሰው ያልተገኘበት ምክንያት ራሱ መልስ ነው» አለች። «ሩቅ ስለሆነ ካልሄዳችሁበት፣ ጥያቄያችሁም ስለ ሩቅነት ከሆነ፣ የጣላችሁት አንድ ሰው አይደለም። የጣላችሁት መልሱን ነው።» ጥንዴ ዞራ አላየችኝም። አንገቷ ሲደርቅ ግን አየሁ።

ያን ቀን ገና አልተቆፈረም ነበር። እጄን አውጥቼ መናገር እችል ነበር። ከክፍል በኋላ ወደ መምህራችን መሄድ፣ ወይም ለአባቴ ደውዬ ወረቀቷ ስህተት ናት ማለት እችል ነበር። ለአባቴ ያችን ጭብጨባ ልነጥቀው አልደፈርኩም። የራሴንም ነጥብ አሰብኩ። ሰኔ ሳይገባ ጉድጓዱ ትምህርት ቤቱ አጠገብ ተቆፈረ።

ዋርካው ሥር የጻፍኳት ግጥሜ በተማሪዎች የኪነ ጥበብ ምሽት ላይ ተነበበች። ውሃ ስለ ተሸከመችው ሴት ነበር፤ አዳራሹ ተነስቶ አጨበጨበ። አንዲት ልጅ እንባዋን ጠርጋ መጥታ፣ «ይህን ያህል እንዴት ተሰማህ?» አለችኝ። ቀርቤ አይቻት ነው አልኳት። የሴቲቱን ስም እንኳ አልጠየቅኳትም ነበር፤ ከየት እንደመጣችና ስንት ሰዓት እንደፈጀባትም አላውቅም።

ከዚያ በኋላ መንገዱ ሲዘጋና ሲከፈት ከረመ። ሰው ከፍኖተ ሰላም ቡሬ ለመድረስ ቀን የሚቆጥርበት ጊዜ ነበር። ወደ ቤት ያልሄድኩበት ምክንያት ግን መንገዱ ብቻ አልነበረም። ተከፍቶ ሳለም የቀረሁባቸው ሳምንታት ነበሩ። በመጨረሻ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ እንደገና በመጋቢት፣ ገደሉን ተሻገርኩ። ዋርካው ሥር አልተቀመጥኩም።

እቴቴ ደጃቸው ላይ ጌሾ ይለቅሙ ነበር። ጉልበታቸውን ስሜ ስነሳ አገጬን ይዘው አዩኝ።

«አያ ባለቁጥሩ» አሉ። «መጣህ?»

«መጣሁ፣ እቴቴ። እንደምን ሰነበቱ?»

«እግዜር ይመስገን። ዘገየህሳ። እኔ እኮ ሰኞም ማክሰኞም ረቡዕም ለውሃ ካልሆነ ከዚችው አልተነሳሁም።»

ስለየትኛው ሰኞ እንደሚናገሩ ወዲያው ገባኝ። ሁለት ዓመት አልፎታል፤ ሲናገሩት ግን ያለፈው ሳምንት ነው የሚመስለው።

«ቋሪት ክርስትና ነበረብኝ» አሉ ጌሾውን ሳያቆሙ። «የልጄ ልጅ፣ ሰማንያ ቀኗ ያን ረቡዕ ነበር። እጣዋ የወጣ ሰው ከቤት አትጠፋም ብዬ ቀረሁ። ልጅቱ አሁን በእግሯ ትሄዳለች ይላሉ፤ ገና አላየኋትም። መንገዱን ታውቀዋለህ።»

አጠገባቸው ተቀምጬ ጌሾውን አብሬ መልቀም ያዝኩ።

«ኋላ ወረቀት ተነበበ ሲሉ ሰማሁ። ያው አንተ አባትህ ዘንድ ሆነህ ከሰው ጠይቀህ የኔንም አስገብተኸው ይሆናል አልኩ። ጉድጓዱ ወዲያ ሲሆንም፣ እንግዲህ የኛም ተነግሮ፣ ተመዝኖ፣ ሳይበቃ ቀርቶ ነው ብዬ ተውኩት።»

ይህን ሲሉ ቅሬታ አልነበረባቸውም። ተመዝነው የተሸነፉ መስሏቸው ኖረዋል። ያን ጊዜ ነው የነገርኳቸው። ከዋርካው እንደተመለስኩ፣ ስድስቱን በሌሎች እንደተካሁ፣ አሥራ ሰባተኛው ቁጥር ላይ ማን እንደገባ ሁሉንም ነገርኳቸው።

ጌሾ የሚለቅም እጃቸው ቆመ።

«በመሪጌታ ስም?» አሉ።

«በእጣዎ ቁጥር፣ እቴቴ።»

«ሴትዮዋስ ምን አለች?»

«አምስት ደቂቃ።»

«እሷስ ብትሆን ለምን ትጠማ» አሉና ተነስተው ወደ ውስጥ ገቡ። አዝነው የገቡ መስሎኝ ነበር። ሲመለሱ ሦስት ትንንሽ የጨርቅ ቋጠሮ ይዘው ነበር፤ ከግድግዳው ቋሚ ላይ ተንጠልጥሎ የኖረ፣ ጭስ ያጠቆረው ነው።

ሰዓት የለኝም ብለው፣ ቄሱ በተናገሩ ማግስት የመሪጌታን መቁጠሪያ ይዘው ወደ ምንጩ እንደወረዱ ነገሩኝ። አርባ አንዱን ፍሬ «ኪርያላይሶን» እያሉ አንድ ዙር ሲጨርሱ አንዲት ሽምብራ ከጉያቸው ወደ ጨርቁ ይጥላሉ። ሲወርዱ፣ ወረፋ ሲጠብቁ፣ ተሸክመው ሲወጡ። እቤት ሲደርሱ ይቋጥሩታል። በአንድ ቀን አላበቁም።

«አንዱ ቀን ወረፋው በዛ» አሉ። «ያን ብቻ ብነግርህ ማጋነን ሆነብኝ። ስለዚህ ሦስት ቀን ቆጠርኩት፤ አንተ መካከሉን ታውቀዋለህ ብዬ።»

መካከሉን። መምህራችን ይህንኑ ለማስረዳት ሦስት ሰሌዳ ሞልታ ነበር። እኔ ዋርካው ሥር ቃል ስመርጥ፣ ወረፋ ላይ የቆሙ አንዲት የጾሙ ሴት የእኔን ትምህርት ከእኔ በተሻለ ይሠሩት ነበር።

ጉድጓዱ ያለ እኔ ወረቀትም ቢሆን መንገዱ ዳር ይቆፈር የነበረ ሊሆን ይችላል። መኪና የሚገባው በዚያ ነው። ይህን ሐሳብ ብዙ ጊዜ አንስቼ ጥያለሁ። አንድ ነገር ካንዱ በኋላ ስለመጣ ያ አመጣው አይባልም ብላ ያስተማረችን መምህራችን ናት፤ ከተማርኩት ሁሉ አዘውትሬ የተጠለልኩባት ይህች ነች። ኋላ ወረቀቱን አርሜ፣ የጥንዴን ስም አውጥቼ በራሴ ስም ብቻ ለቀበሌው ሰጥቻለሁ። ጸሐፊው ተቀብሎ፣ ሌላ ጉድጓድ ሲፈቀድ ይታያል ብሎ ፋይል ውስጥ አኖረው። እስካሁን ሌላ አልተፈቀደም። ለመምህራችንም ጻፍኩላት። የመለሰችልኝ አጭር ነው፤ ነጥቡ አሁን አይቀየርም፣ አንተ ግን ቁጥሩን አሟልተህ ያዝ አለችኝ።

ያን ቀን ግን ገና እቴቴ ደጅ ነበርኩ። ቋጠሮዎቹን ከፊቴ አስቀመጧቸው።

«እንግዲያው ቁጠረው» አሉ።

የመጀመሪያውን ፈታሁ። ነቀዝ በልቶታል። ሽምብራዎቹ ተቦርቡረው ቀልለዋል፤ ከጨርቁ ነጭ ዱቄት ተነሳ። ቀና ብዬ ሳያቸው፣ «ነቀዝ ቢበላው ቁጥሩ ያው ነው» አሉ። መሬት ላይ አሥር አሥር እያደረግሁ ደረደርኳቸው። ለሁለት የተሰነጠቀውን ከወንድሙ እያገጣጠምኩ ቆጠርኩ። ሰባ አንድ ሆነ። ሁለተኛው ስልሳ አራት። መቁጠሪያውን ተቀብዬ አንድ ዙር በስልኬ ሰዓት ለካሁት፤ እሳቸው በሚሉበት እርጋታ ሁለት ደቂቃ ያህል ነው። መካከሉ ከሁለት ሰዓት ያልፋል። ወረቀቴ ላይ ያለውን ሃያ ሁለት ደቂቃ እሳቸው አልጠየቁኝም፤ እኔም አልነገርኳቸውም።

ሦስተኛው ወረፋ የበዛበት ቀን ነው። ከሁሉም ትልቅ ቋጠሮ ነበር። ዘጠና፣ ዘጠና አንድ፣ ዘጠና ሁለት። የመጨረሻዋን ሳነሳት በጣቶቼ መካከል ዱቄት ሆነች። እጄን ዘርግቼ አሳየኋቸው።

«እሷንም ቁጠራት» አሉ እቴቴ። «እሷ ላይ ስደርስ ጀሪካኑ ገና ከጀርባዬ አልወረደም ነበር።»